ያቃጠለህን ቦርቦን ድጋሚ ቅመሰው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ወንድማችን ለበዓል ዋይልድ ተርኪ ሬር ብሪድ የሚባለውን ቦርቦን (በዋናነት ከበቆሎ የሚሠራ የአሜሪካ ውስኪ) ገዛ። ከክትፎ በኋላ አንድ መለኪያ ደረቁን ጨለጠና ጉሮሮው ነደደ። ከአልኮል በቀር ምንም ጣዕም አላገኘበትም። ጠርሙሱ ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። «ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ልመለስበት? ወይስ ትቼው ቡከርስ የሚባለውን ሌላ ቦርቦን ልግዛ?» ይላል።

አልተበላሸም። ተመለስበት፤ አጠጣጡን ግን ቀይር።

መጀመሪያ የያዝከውን እወቅ። ሬር ብሪድ 116.8 ፕሩፍ ነው። በአሜሪካ ፕሩፍ የአልኮሉ መቶኛ እጥፍ ስለሆነ፣ 58.4 በመቶ ማለት ነው። አብዛኛው ውስኪ ከመታሸጉ በፊት ውሃ ተጨምሮበት ወደ 40 ወይም 43 ይወርዳል። ያንተ ከበርሜል እንደወጣ የታሸገ ነው። ለዚህ ውስኪው የሚሠራበት የአሜሪካ ግዛት፣ የኬንታኪ አየርም ድርሻ አለው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጋዘኑ ሲግል፣ በተለይ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ውሃው ከአልኮሉ ፈጥኖ በእንጨቱ በኩል ይተናል። ስለዚህ ቦርቦን ሲቆይ ሊጠነክር ይችላል። ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነው ስኮትላንድ ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው።

ዋይልድ ተርኪ በኬንታኪዋ ሎረንስበርግ ከተማ ውስኪውን ወደ በርሜል የሚያስገባው 57.5 በመቶ አድርጎ ነው። የአሜሪካ ሕግ እስከ 62.5 ይፈቅዳል። ዝቅ አድርጎ ማስገባት ብዙ በርሜል ስለሚፈልግ ለፋብሪካው ወጪ ነው። ለጠጪው ግን ትርፍ ነው፦ ውስጡ ከተለበለበው የኦክ በርሜል የመጣው ጣዕም ኋላ ላይ በውሃ አይቀጥንም።

አሁን ወደ ክትፎው። በኔ ግምት ጥፋተኛው ሚጥሚጣው ነው። የበርበሬን ማቃጠል የሚነግረን አፋችን ውስጥ ያለው ተቀባይ፣ አልኮልም የሚነካው እሱኑ ነው። ሚጥሚጣ ቀስቅሶት እያለ 58 በመቶ ስትደፋበት በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ከዚያ ቫኒላ ፈልግ ቢሉህ ከየት ታመጣለህ? እኔ ቅመም ከበላሁ የዚያን ቀን ጠንካራ ቦርቦን አልከፍትም። ቢራ ይበቃል።

በሌላ ቀን፣ ቀለል ያለ ነገር በልተህ፣ 50 ሚሊ ሊትር ቅዳ። ሩብ ሰዓት ያህል ተወው። ስታሸተው አፍንጫህን ብርጭቆው ውስጥ አትክተት፤ ከጠርዙ ራቅ አድርገህ፣ አፍህን ገርበብ አድርገህ አሽት። የመጀመሪያዋ ጉንጭ ምላስ ለማለማመድ ብቻ ናት፣ አትፍረድባት። በሁለተኛዋ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ የተቃጠለ እንጨት ይመጣልሃል።

ከዚያ ውሃ። «ውሃ መጨመር ነውር ነው» የሚሉህን አትስማቸው። እዚያው ኬንታኪም ባለሙያዎቹ አቅጥነው ይቀምሳሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምረህ ቅመስ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ጨምር። በሁለቱ ማንኪያ ወደ 49 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እኔ ይህን ውስኪ የምወደው እዚህ ላይ ነው። ማቃጠሉ ይበርዳል፣ ካራሜሉና የብርቱካን ልጣጩ ይወጣል፣ ከዋጥከውም በኋላ ጣዕሙ ቶሎ አይጠፋም። በረዶ ግን ሽታውን ይዘጋዋል። ለሙቀት ቀን ካልሆነ አልመክርም።

የተከፈተ ጠርሙስ ሲቆይ አየር ትንሽ ያለሰልሰዋል፣ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ብዙውን ለውጥ የሚያመጣው የምላስህ መልመድ ይመስለኛል። ጠርሙሱን አቁመህ፣ ከፀሐይ አርቀህ አስቀምጥ። ካስተኛኸው ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ደግሞ ልኩን አትርሳ፦ የዚህ 50 ሚሊ ሊትር፣ በአልኮሉ መጠን ከ73 ሚሊ ሊትር ተራ 40 በመቶ ውስኪ ጋር እኩል ነው።

ቡከርስ ጥሩ ውስኪ ነው፣ ግን ብዙውን ጊዜ ከ60 በመቶ በላይ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። 58 ያቃጠለውን ሰው ወደዚያ አልልክም። ይልቅ የራሱን የዋይልድ ተርኪን 101 ግዛና ጎን ለጎን ቅመሳቸው። እህሉ አንድ ነው፣ ዕድሜው ትንሽ ይለያያል፣ 50.5 በመቶ ነው። ውሃውን እነሱ ጨምረውልሃል። 101 ይበልጥ ከጣመህ ዋጋውም ስለሚቀንስ እዚያው ቅር።