የጀልባ ስፒከር ከቴፑ በቀጥታ ወይስ በአምፕሊፋየር?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጎብኚዎችንና ምእመናንን የማመላልስበት የሞተር ጀልባ አለኝ። አራት ስፒከሮች አስገጥሜ ከመኪና ቴፕ ጋር አገናኝቻቸዋለሁ። ጀልባዋ ስትቆም ድምፁ ጥሩ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን አይሰማም፤ ከፍ ሳደርገው ደግሞ ይንሻከራል። በቅርቡም አንዱ ስፒከር ተቃጠለብኝ። ቴፑ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ስለተጻፈ ሻጩ አምፕሊፋየር አያስፈልግህም ይለኛል። አምፕሊፋየር ልግዛ ወይስ ቴፑን በትልቅ ልቀይር?

መልስ፦ ቴፑን አይቀይሩ፤ ገንዘብዎ በከንቱ ይወጣል። ቴፕዎ ላይ የተጻፈው 50 ዋት ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ከፍተኛ ቁጥር እንጂ ቴፑ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል አይደለም። ቴፑ የሚሠራው ከባትሪው በሚመጣው ቮልት ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን በደንብ ሲሞላ ይህ ቢበዛ 14.4 ቮልት ገደማ ይሆናል። ከዚህ ቮልት ለአንድ ባለ4 ኦም ስፒከር (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም መለኪያ ነው) ሊወጣ የሚችለው ንጹሕ ኃይል በስሌት ከ26 ዋት አይበልጥም፤ በቴፑ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ዋት ይቀራል። ስለዚህ በውስጡ ቮልት የሚያሳድግ ክፍል የሌለው ቴፕ ዋጋው ምንም ያህል ቢወደድ ከዚህ ወሰን አያልፍም። አምፕሊፋየር ግን የባትሪውን 12 ቮልት ተቀብሎ በውስጡ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር 50 ወይም 75 ዋት ያለማቋረጥ መስጠት ይችላል።

ስፒከርዎ የተቃጠለውም ከዚሁ ችግር የተነሣ ይመስለኛል። ቴፑ ከአቅሙ በላይ ሲከፈት የድምፁ ሞገድ ጫፍና ጫፉ ይቆረጣል፤ እርስዎ መንሻከር ብለው የገለጹት ይህንኑ ነው። የተቆረጠ ሞገድ በስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ላይ ሙቀት ያከማቻል፤ አስቀድሞ የሚጎዳውም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ቱዊተር ነው። ሆኖም ሌላ ምክንያትም ሊኖር ስለሚችል ያረጋግጡ። ሁለት ባለ4 ኦም ስፒከሮች በአንድ የቴፕ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ተያይዘው ከሆነ ቴፑ የሚያየው 2 ኦም ነው፤ አብዛኛው ቴፕ ደግሞ ይህን አይችልም።

እንግዲህ አምፕሊፋየር ይግዙ ማለቴ ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደሚጠቅምዎ አስቀድመው ይወቁ። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ18 ወደ 75 ዋት መሻገር 6 ዴሲቤል ገደማ ይሰጥዎታል። በጣና ላይ እንዳለው ባለ ክፍት ቦታ ግን ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር እንዲሁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳልና፣ ስፒከሮቹን ወደ ተሳፋሪው ጆሮ በግማሽ ርቀት ማቅረብ አምፕሊፋየር ከመግዛት ጋር የሚተካከል ውጤት አለው። ስለዚህ ስፒከሮቹ ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ከሆኑ አስቀድመው ከዚያ ነቅለው በዳሱ ምሰሶዎች ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መቀመጫዎቹ አዙረው ያስሩ። ጀርባቸው ክፍት ከሆነ ባሱ ይጠፋልና በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያስገቧቸው። የተቃጠለውን ሲተኩም እርጥበት የሚያበላሸው የወረቀት ስፒከር አይግዙ፤ ባለ ፕላስቲክና ለጀልባ የተሠራ ይሁን። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ ተራውን ላስቲክ ቶሎ ያደርቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ የምጠነቀቀው ባትሪው ላይ ነው። ለአራት ስፒከር 50 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር በሙሉ ኃይል ሲሠራ፣ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ 20 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ክላስ ኤቢ የሚባለው የድሮው ዓይነት ግን ከሚስበው ግማሽ ያህሉን በሙቀት ስለሚያባክን ለጀልባ አልመክረውም። ሙዚቃ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል አይሠራምና አማካዩን 6 አምፔር ብንለው፣ ባለ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ስለሆነ ወደ 6 ሰዓት ያህል ያቆይዎታል። ትናንሽ የጀልባ ሞተሮች የሚሞሉት ጥቂት አምፔር ብቻ በመሆኑ ሞተሩ የወሰዱትን ይተካልኛል ብለው አይተማመኑ። ሞተርዎ በቁልፍ የሚነሣ ከሆነ ለሙዚቃው የራሱ ባትሪ ይኑረው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሐይቁ ላይ ሲነሣ ሰው ጭኖ ሞተሩ እምቢ ማለቱ ከሙዚቃ ጋር የሚመዛዘን ጉዳይ አይደለም።

ሽቦውን አይሰስቱ። አምፕሊፋየሩ ከባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ፣ በ6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 20 አምፔር ሲያልፍ በመሄጃና በመመለሻው ከግማሽ ቮልት በላይ ይጠፋል፤ በ16 ካሬ ሚሊሜትር ግን የሚጠፋው 0.2 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። በገበያ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም እንደ መዳብ ይሸጣልና ከመግዛትዎ በፊት ጫፉን በቢላዋ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ይተዉት። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ18 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይግባ፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና አምፕሊፋየሩ አጠገብ ብቻ ቢቀመጥ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ተልጦ ከብረት ጋር ሲነካካ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ኔጌቲቩም በቀጥታ ወደ ባትሪው ይመለስ እንጂ ከጀልባዋ አካል ጋር አይታሰር።

አምፕሊፋየሩን የቤንዚን ጋን ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ በፍጹም አያስገቡ። ውሃ ከማይረጨው፣ አየር ከሚያገኝና ጥላ ካለው ቦታ ላይ ያስሩት። ከቴፑ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ከባትሪው ሽቦ አርቀው ይዘርጉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ፉጨት ሊሰማ ይችላል።

ሲያስተካክሉ የአምፕሊፋየሩን ጌን ወደ ዝቅተኛው መልሰው፣ የባስ ማሳደጊያውን ሁሉ ዘግተው፣ ቴፑን ወደ ሦስት አራተኛ ይክፈቱ፤ ከዚያ ጌኑን በዝግታ ያሳድጉና መንሻከር እንደጀመረ ትንሽ መልሰው ይተዉት። ጌን አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ጋር የሚያስማማ እንጂ ድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚያግደውን ማጣሪያም ያብሩት፤ ትንሽ ስፒከር ያንን ወፍራም ድምፅ በክፍት ቦታ ሊያሰማዎ አይችልም፤ ለመሞከር ብቻ ኃይል ያባክናል።

ስፒከሮቹን አንሥተው በዳሱ ላይ ካሰሩ በኋላ፣ ምንም ሳይገዙ ሞተሩን አስነሥተው እስከ ዘጌ አንድ ጊዜ ይሂዱ። ሳይንሻከር የሚበቃዎት ከሆነ አምፕሊፋየሩ ይቅር፤ ካልበቃዎት ባትሪውንና ሽቦውን መጀመሪያ፣ አምፕሊፋየሩን ከዚያ በኋላ ይግዙ።