የአንባቢያን ጥያቄ፦ አንቶኒ ትሮሎፕ ሲፈጠር ጀምሮ ታታሪ ነበር?

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ሠራተኛ እያለ በጠዋት እየተነሣ ሲጽፍ ኖሮ 47 ልቦለዶች እንዳሉት አነበብኩ። ከ16ቱ የሰብእና ዓይነቶች የትኛው ነው? እኔ ዝርክርክ ነኝ፤ የእሱ ዘዴ ይሆነኛል?

መልስ፦ ብዙዎች ዝምተኛና በዕቅድ የሚመራ ከሚባሉት ይመድቡታል። እኛ አንስማማም። ሰውን በ16 የሰብእና ዓይነት የሚከፍለው መመዘኛ የተሰናዳው ትሮሎፕ በ1882 እ.ኤ.አ. ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ግምት ብቻ ነው የሚሆነው። ደግሞም አዋቂው ትሮሎፕ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ክርክርና በፈረስ ሆኖ ማደን የሚወድ ሰው ነበር። ብቸኝነቱ የልጅነቱ ነው፤ ሃሮው በሚባለው የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት በድህነቱ ሲገለል፣ አንዱን የምናብ ታሪክ በልቡ ለወራት ያስኬድ ነበር።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን የወጣትነቱ ነገር ነው። በ1834፣ በ19 ዓመቱ፣ ለንደን ፖስታ ቤት በዓመት 90 ፓውንድ ተቀጠረ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በማርፈድና በዕዳ ታወቀ። የ12 ፓውንድ የልብስ ሰፊ ዕዳ አራጣ አበዳሪ እጅ ገብቶ ከ200 ፓውንድ በላይ አስከፍሎታል። በ1841 አየርላንድ ውስጥ ወዳለችው የባናገር ከተማ ሲዛወር፣ በፈረስ እየዞረ አቤቱታ የሚያጣራበት ሥራና የተሻለ ገቢ ሲያገኝ ነው ሌላ ሰው የሆነው። ባሕርይ ብቻውን ይህን አያስረዳም። ታታሪነትን ከቤቱም አይቶ ነበር፤ እናቱ ፍራንሲስ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት ሃምሳን ካለፉ በኋላ ሲሆን የሚጽፉትም ከንጋት በፊት ነበር።

አሠራሩ ይህ ነው፦ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ቡና ይዞ የሚቀሰቅሰው ፈረስ ጠባቂው ነው፤ ለዚህ ብቻ በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለታል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የትናንቱን ያነባል፣ ዓረፍተ ነገሩ ጆሮ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ይሰማል። ከዚያ ሰዓቱን ፊት ለፊት አኑሮ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል፤ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን አቁሞ ለቁርስ ይነሣል። በባቡር ሲጓዝ በእርሳስ ይጽፍና ባለቤቱ ሮዝ ትገለብጥለታለች።

ሰው የሚሳሳተው ንባቡን ዘሎ ቆጠራውን ብቻ ሲወስድ ነው። ንባቡ ትናንት የቆመበትን ስሜት ይመልስለታል፤ ያለ እሱ 15 ደቂቃው ባዶ ወረቀት ላይ በማፍጠጥ ያልቃል። ገጸ ባሕርያቱንም ብዕር ሳያነሣ አብሯቸው ይውላል፤ የዚያን የልጅነት ምናብ ልምድ የምንገምተውን ያህል ቀላል አድርገን ማየት የለብንም።

ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ ለመድረስ አይሞክሩ። እሱም ፍሬውን ያየው ዘግይቶ ነው፤ በ1855 በወጣው ልቦለዱ «ዘ ዋርደን» በመጀመሪያ የተከፈለው 9 ፓውንድ ከጥቂት ሽልንግ ነበር። በ15 ደቂቃ 60 ቃል ይጀምሩ፣ ሁለት ሳምንት ያጽኑት፣ ከዚያ ይጨምሩ። መዝገብም ይያዙ። የእሱ መዝገብ በሳምንት ወደ 40 ገጽ ያሳያል፣ አንዳንዴ 20፣ አንዴም 112፤ ገጹ 250 ቃል ነው። ያልጻፉበትን ቀን አይዝለሉት፣ እንደ ሌላው ቀን ቀኑን ጽፈው ዜሮ ያስገቡ። ትሮሎፕ ሥራ ፈትቶ የዋለባቸው ቀናት ከመዝገቡ ላይ ሲያፈጡበት ነበር ወደ ጠረጴዛው የሚመለሰው።