የአባትሽ የሌሊት ትንፋሽ

እህቴ፣ የልብ ድካም ያለባቸው አባትሽ ሌሊት ትንፋሻቸው ቆም እያለ እንደሚመለስ ጽፈሻል። ሳንባቸው ንጹህ ነው ተብሎም ደረጃ ሲወጡ ያለከልካሉ። አስም ይሆን ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔ በልብ ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አዳር ስገባ እንዲህ የሚተነፍሱ ሰዎችን ብዙ አይቻለሁ።

እንዳልሽው ከሆነ አስም አይመስለኝም። ትንፋሹ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ከዚያ እየሳሳ መጥቶ ጭራሽ ይጠፋል። ደረታቸው ጸጥ ይላል። ደንግጠሽ ልትቀሰቅሻቸው ስትይ እንደገና ይጀምራል። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሐኪሞች ቼይን-ስቶክስ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1818 ደብሊን ላይ መጀመሪያ በጻፈው በጆን ቼይንና በኋላ ባብራራው በዊሊያም ስቶክስ ስም።

ልብ ሲደክም ደም ከሳንባ ተነስቶ አንገትና አንጎል ውስጥ ያሉት የጋዝ ጠቋሚዎች ጋ ለመድረስ ይዘገያል። ጠቋሚዎቹ ደግሞ በዚህ ሕመም ከልክ በላይ ንቁ ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ሲጨምር በኃይል ያስተነፍሳሉ። ጋዙ ከሚገባው በታች ይወርድና አንጎል ትንፋሹን ያቆማል። መስመሩ እየዘገየ አሜሪካ ካለ ዘመድ ጋር ስናወራ እንደምንደራረበው ነው፤ መልሱ ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

የደረጃው ነገር ግን ከልብ ብቻ ሳይሆን ከእግርም ይመጣል። ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ተኝቶ ሲውል ጡንቻው ይከሳል። የከሳ ጡንቻ ትንሽ ሲሠራ ወደ አንጎል የጭንቀት መልእክት ይልካል። አንጎልም ትንፋሽ ያፈጥናል፣ የደም ሥር ያጠባል። የደም ግፊትን የሚያረጋጋው የአንገት ጠቋሚ ደግሞ ስለሚደነዝዝ የሚያበርደው የለም። ስለዚህ «አባዬ አይነሱ» እያላችሁ አታስቀምጧቸው። ሐኪማቸው ከፈቀደ በየቀኑ ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ይራመዱ። ጡንቻ ሲበረታ ያ መልእክት ይቀንሳል። ከበር እስከ ካርድ ክፍል ለመድረስ ወንበር ይፈልጉ የነበሩ አባት ዛሬ ቆመው ተራ ሲጠብቁ አያለሁ።

ውጭ ያለ ዘመድ የመተንፈሻ ማሽን ልላክ ካለ እባክሽ ቆይ በዪው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሰርቭ-ኤችኤፍ የተባለ ትልቅ ጥናት የልባቸው የመግፋት አቅም (ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚገፋው) 45 በመቶና ከዚያ በታች የሆነ ታማሚዎችን አይቷል። ትንፋሽን ራሱ እየለካ የሚያስተካክለው ማሽን የሌሊቱን ትንፋሽ አሳመረላቸው፤ በልብ ምክንያት የሚሞቱትን ግን አበዛ። ማሽን ሁሉ አንድ አይደለም፤ የኢኮውን (የልብ አልትራሳውንዱን) ውጤት ያየ ሐኪም ይወስን።

ዛሬ ማታ ብርድ ልብሱን ከደረታቸው ገለጥ አድርገሽ ጥቂት ደቂቃ በስልክሽ ቅረጪ። ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ይጠቅመዋል። ትራሳቸውን ከፍ አድርጊ። ጠዋት ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ ይመዘኑ፤ በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ውሃ እየያዙ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጃቸው። በጾም ምክንያት ላሲክሱን (ውሃ በሽንት የሚያስወጣውን መድኃኒት) እንዳያቋርጡ። ተቀምጠውም አየር ካጠራቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ከተምታታባቸው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝርና በመጨረሻው ኢኮ የወጣውን የልብ የመግፋት አቅም ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ፤ ለሐኪሙ የምትጠይቂውን አብረን እናዘጋጃለን።