ከስልካችሁ ካሜራ ፊት ወላጆቻችሁን አስቀምጡ

ውድ ልጆቼ፣

ሐዋሳ ውስጥ በፎቶግራፍ ሙያ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ በየኪሳችሁ ስለሚገኘው ካሜራ ልጽፍላችሁ የወደድኩት የወላጆቻችሁ ፊት ስለሚያሳስበኝ ነው።

በፊልም ዘመን አንድ ጥቅል ቢበዛ 36 ፎቶግራፍ ያህል ብቻ ስለሚያወጣ፣ አንሺው ብርሃኑን ሳያመቻችና የተቀመጠውን ሰው ቀና ሳያደርግ ቁልፉን አይጫንም ነበር፤ ኔጋቲቩም (ምስሉ ተገልብጦ የሚታይበት የታጠበው ፊልም) ተጠብቆ ከቆየ ከዓመታት በኋላ እንደገና ማሳጠብ ይቻል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ሻርፕ ሠርቶ ጃፓን ውስጥ የተሸጠው ባለ ካሜራ ስልክ 110 ሺህ ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ብቻ ነበረው፤ የዛሬዎቹ ስልኮች በሚሊዮኖች ይቆጥራሉ። ለውጡን በደስታ የተቀበልኩት ነው፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ እዚህ ሐዋሳ በጉዱማሌ ሲከበር ማንም ሰው የእናቱን ደስታ በራሱ እጅ መቅረጽ መቻሉ ትልቅ ጸጋ ነው።

የሚያሳዝነኝ በለቅሶ ጊዜ የማየው ነው። እናቱ ያረፈችበት ወጣት፣ ድንኳን ውስጥ የሚቆመው ትልቅ ፎቶግራፍ በአንድ ሌሊት እንዲደርስለት ስልኩን ይዞ ይመጣል። በሺህ የሚቆጠር ምስል አለው፤ አብዛኛው ግን የራሱና የጓደኞቹ ነው። የእናቱ ምስል ሲገኝም ከብዙ ሰው መካከል ተቆርጦ የወጣ፣ በማታ መብራት የደበዘዘ፣ ፊልተር የፊቷን መስመሮች ያጠፋባት፣ ወይም በቴሌግራም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲላክ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣ ይሆናል። እንዲህ ያለው ምስል ሲተልቅ የጎደለውን ማንም ባለሙያ አይመልሰውም፤ በኮምፒውተር እንሙላው ብንል የምንሞላው የእርሷን ፊት አይደለም፣ ልጇም ወዲያው ይለየዋል።

ስለዚህ እናታችሁ ጠዋት ቡና ስታፈላ በመስኮት ወይም በበር ብርሃን እንድትቀመጥ ለምኗት፤ ፈቃዷን ጠይቁ፣ ነጠላዋንም እስክታስተካክል ታገሡ። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ፊልተሩንም አጥፉ። ስልኩን ወደ ፊቷ አታስጠጉ፤ ከቅርብ የተነሳ ፊት አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ስታነሱ ግን መልኳ እንደምታውቁት ሆኖ ይወጣል።

ከማንሳቱ ይልቅ አብዝቼ አደራ የምለው ማስቀመጡን ነው። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲዝናኑበትም ውኃ ውስጥ ይወድቃል፤ ሌላ ቅጂ ከሌለ የዓመታት ምስል አብሮት ይሄዳል። ዋናውን ምስል ሳትነካኩ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ ለእኅት ወንድሞቻችሁ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት፣ ያን ጊዜ አይጨመቅም። ከሁሉም በላይ አንዱን አሳጥቡና ከጀርባው ስሟን፣ ቦታውንና ቀኑን በለስላሳ እርሳስ ሳትጫኑ ጻፉ፤ ስም ያልተጻፈበት የቤተሰብ ፎቶግራፍ ለልጅ ልጅ የማያውቀው ሰው ምስል ይሆንበታልና።

አባታችሁ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ብለው እንቢ ቢሉ አታስገድዷቸው፤ ተሰውራችሁም አታንሷቸው፤ የእናታችሁ ፎቶግራፍ ታጥቦ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ጊዜ ወስዳችሁ እንደገና ጠይቋቸው። ለበዓል ወደ ገጠር ስትሄዱ ደግሞ ከአያቶቻችሁ ጀምሩ፤ ከመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ በቀር ምንም የሌላቸው ብዙዎች ናቸው።