ቻይና፣ ውሃን ከተማ ወንዝ ዳር ቤት ልከራይ ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «እንግሊዝኛ ላስተምር ወደ ውሃን ልሄድ ነው። ከትምህርት ቤቱ መኖሪያ ወጥቼ ያንግትዜ ወንዝ አጠገብ ብከራይ ይሻላል? ወንዙ ዳርስ ምን አለ?» ብለሻል። እኔ እዚያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ወንዙ ዳር ኑሪ። ግን አንድ ነገር ሳታሟዪ ሻንጣሽን እንዳታነሺ። እኔ የከፈልኩትን አንቺ እንዳትከፍዪ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

እንደ እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘሽ፣ በዜድ ቪዛ (በሥራ ቪዛ) ገብተሽ፣ ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ በሚያስተምር የቋንቋ ማዕከል እንደምትሠሪ ገምቻለሁ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ግን፣ ደላላ «በቢዝነስ ቪዛ ግቢ፣ እዚያ እንቀይርልሻለን» ቢልሽ እንዳትሰሚው። ያለ ሥራ ፈቃድ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው። ሲያዝ የሚባረረው አስተማሪው እንጂ ደላላው አይደለም።

1. የዕረፍት ቀንሽ ሰኞና ማክሰኞ ይሆናል። እንዳይከፋሽ። ሃንኮው በሚባለው የከተማው ክፍል ጂያንግታን የሚሉት የወንዝ ዳር መናፈሻ አለ። ኪሎ ሜትሮች ይረዝማል። እሁድ ሰው በሰው ነው፤ ሰኞ ጠዋት ግን ያንቺ ነው። አዛውንቶች ታይቺ የሚሉትን ዝግ ያለ ስፖርት ይሠራሉ፣ ካይት ያበራሉ። ኅዳር አካባቢ ሸምበቆው ነጭ አበባ ያወጣል። ሐምሌና ነሐሴ እንደ እኛው አገር ወንዙ ይሞላል፣ የታችኛው ደረጃ በውሃ ይሸፈናል። ያኔ ወደ ታች አትውረጂ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎርፉ ከተማዋን እንዴት እንዳስጨነቃት የሚያስታውስ ሐውልት እዚያው መናፈሻው ውስጥ ቆሟል። ወገባቸው ላይ በአየር የተነፋ ከረጢት አስረው የሚዋኙ ሽማግሌዎችም ታያለሽ። እነሱ ወንዙን ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ አንቺ ከዳር ሆነሽ እዪ።

2. በጀልባ ተሻገሪ። እ.ኤ.አ. በ1924 ከተሠራው ባለ ሰዓት የጉምሩክ ሕንፃ አጠገብ ትሳፈሪና ማዶ ዉቻንግ በሚባለው የከተማው ክፍል ትወርጃለሽ። በእኔ ጊዜ 1.50 ዩዋን ነበር። የቱሪስት መርከብ ውድ ነው፣ የምታዪው ግን ያንኑ ወንዝ ነው። ስትመለሺ በትልቁ ድልድይ በእግርሽ ነይ፤ የሚያወርድሽ ግን ሃንያንግ በሚባለው ክፍል ነው፣ ከዚያ ወደ ሃንኮው ትቀጥያለሽ። እ.ኤ.አ. በ1957 የተከፈተ ነው፣ በያንግትዜ ላይ የመጀመሪያው። ከላይ መኪና፣ ከታች ባቡር ያልፍበታል፤ ባቡሩ ሲያልፍ ንዝረቱ በእግርሽ ይሰማሻል። እኔ ከሥራ ተናድጄ የወጣሁ ቀን እዚያ ድልድይ ላይ ነበር የምሄደው። ቁርስ ደግሞ ረ ጋን ሚየን ብዪ፤ በሰሊጥ የተለወሰ ትኩስ ፓስታ ነው። ጦም ከሆነ ግን የሚጨምሩበት መረቅ የሥጋ ሊሆን ስለሚችል ጠይቂ።

3. ምዝገባ። ዋናው ይሄ ነው። ቻይና ውስጥ የውጭ ሰው አዲስ ቤት በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ በሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ አለበት። ቤት ስትቀይሪም እንደገና ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ላይ ያለው ነገር ከተቀየረም በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብሽ።

እኔ ወንዝ የሚታይበት ቤት ሳገኝ ደስታዬ ሌላ ነበር። አሥራ ስምንተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፣ ግን ማታ ማታ የጀልባዎቹ መብራት ይታየኛል። አከራዩ የቤቱን ካርታ ኮፒና የመታወቂያውን ኮፒ አልሰጥም አለ። የኪራይ ግብር እንዳይጠየቅ ፈርቶ ነው። የማዕከላችን ጉዳይ አስፈጻሚ «ችግር የለም፣ የድሮው አድራሻህ ይበቃል» አለችኝ። ሥራዋ ይሄ ስለሆነ አመንኳት። አራት ወር ኖርኩ።

ከዚያ የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ሄድኩ። አድራሻው አልተገናኘም፤ ወደ ሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ መለሱኝ። እዚያ መስኮት ላይ የነበረው ሰውዬ ወረቀቴን ሳያነበው በጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁ። አንድ ቀን አከራዩን ይዘህ ና፣ ሌላ ቀን ኃላፊው የለም። ማዕከሉ የቀረሁበትን ሰዓት ከደሞዜ ቆረጠ፤ ያቺ ሴትዮ ደግሞ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» አለች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሦስተኛው ቀን አስተርጓሚ አልፈለግኩም። የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ በቻይንኛ አጥንቼ፣ ቆሜ፣ ቃል በቃል ተናገርኩ። ያኔ ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ጥፋቴን በጽሑፍ አስፈረመኝና 500 ዩዋን ቀጣኝ። ሕጉ እስከ 2000 ይፈቅድለታል። ያን ቀን በራሴ ኮራሁ። ከዚያ በኋላ እዚያ ለሚማሩ ሦስት ኢትዮጵያውያን ልጆች አብሬያቸው ሄጄ ምዝገባቸውን አስጨርሻለሁ።

ቅጣቱን እረሳዋለሁ። የማልረሳው ፋሲካን ነው። እድሳቱ በመዘግየቱ ፓስፖርቴ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቀረ፤ አዲስ አበባ ለመግባት የቆረጥኩት ትኬት ተቃጠለ። እናቴ ዶሮውን ሠርታ ስትጠብቀኝ እኔ ጂያንግታን ደረጃ ላይ ተቀምጬ በስልክ «እንኳን አደረሰሽ» አልኳት። ወንዙ ዳር ሁልጊዜ የማየው አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥቶ «ላውሺ» አለኝ፣ መምህር ማለቱ ነው። ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳልኝ። ምን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም።

ስለዚህ ቤቱን ስታዪ በመስኮት ወንዙን ከማየትሽ በፊት አከራዩን ጠይቂው። የካርታ ኮፒ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የተፈረመ ውል። ሦስቱን በእጅሽ ሳትይዢ ቀብድ አትክፈዪ። ቁልፍ በተቀበልሽበት ቀን ራስሽ ጣቢያ ሂጂ፤ ማዕከሉን አትጠብቂ። የሚሰጡሽን የምዝገባ ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ኮፒ አልሰጥም ካለሽ ጥለሽው ውጪ። ሃንኮው ውስጥ ወንዝ የሚያሳይ ቤት ሞልቷል።