«ቀኔ ጃኬት በማልበስ ያልቃል»

ደብዳቤው

ሰላም ለእርስዎ እትዬ፣

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ላማክርዎ ነው።

የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። አዲስ አበባ እያለሁ የኬጂ መምህርት ነበርኩ። እዚህም ከልጆች አልራቅኩም፤ አንድ ዴይኬር ውስጥ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ክፍል ረዳት መምህርት ነኝ። ልጆቹን በጣም እወዳቸዋለሁ። ሙቀቱ ሲመጣ ሥራዬን የሚያህል የለም። ችግሬ ከዲሴምበር እስከ ማርች ያለው ነው።

አገር ቤት ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጆቹም እኛም ቤታችን ነን። እዚህ ግን በዚያ ሁሉ በረዶ ይዘናቸው እንወጣለን። ወፍራም ሱሪ፣ ቡት፣ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ልጅ! የመጨረሻዋን ልጅ ዚፕ ስዘጋ መጀመሪያ የለበሰው «ሽንቴ መጣ» ይላል፣ እሱን ሳወልቅ ሌላዋ ጓንቷን ጥላለች፣ የለበሱት ደግሞ በላብ ተጠምቀው መነጫነጭ ይጀምራሉ። ከዚያ ትንሽ ተጫውተው እንገባለን፤ እንደገና ማውለቅ። ጠዋቱ በዚሁ አለቀ። ፊደል የለ፣ ቁጥር የለ። መምህርት ነኝ ብዬ አልባሽ ሆኜ ቀረሁ።

ባለቤቴ «ሲ.ኤን.ኤ (የነርስ ረዳትነት) ተማሪና ሆስፒታል ግቢ፣ ክፍያውም ይሻላል» ይለኛል። ጓደኞቼም እንደዚያው። ግን ሰሞኑን አንዲት ዝምተኛ ልጅ ጓንቷን ራሷ አጥልቃ እጇን ከፍ አድርጋ ስታሳየኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እና ግራ ገባኝ። ልቆይ ወይስ ልሂድ? ከቆየሁስ፣ በእነዚህ ወራት ደስታውን ከየት ላምጣው?

እህትዎ፣ ከሴንት ፖል

መልስ

እህቴ፣

ያቺ ልጅ ጓንቷን ራሷ ያጠለቀች ዕለት አንቺ በደንብ አስተምረሻል። ደብዳቤሽን ሳነብ ቀድሞ የታየኝ ይሄ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ዚፕ መዝጋት ከባድ ትምህርት ነው። ነገ እርሳስ የሚይዙት ጣቶች የሚጠነክሩት እንዲህ ባለው ሥራ ነው። የቱ ይቀድማል የቱ ይከተላል፣ ግራ የቱ ነው ቀኝ የቱ፣ ተራ መጠበቅ፣ ሲያቅት «እርዱኝ» ማለት፣ ሁሉም እዚያው ኮሪደር ላይ አለ። ስለዚህ ማልበሱን ከትምህርቱ በፊት የሚመጣ ጣጣ አታድርጊው። ዋናው ትምህርት አድርገሽ ያዢው፣ ሰዓትም ስጪው።

ግን አንቺ አታልብሺያቸው። ይልበሱ። መጀመሪያ ሁሉም ሽንት ቤት ይሂዱ፣ «አልመጣብኝም» ያለውም ጭምር። ከዚያ ሱሪው፣ ቡቱ፣ ጃኬቱ፣ ኮፍያው፤ ጓንት መጨረሻ ነው፣ ቀድሞ ከገባ ዚፕ የሚይዝ ጣት አይኖርም። ጃኬቱን ወለል ላይ ውስጡን ወደ ላይ አድርገሽ ዘርጊው፣ ኮሌታው በልጁ እግር በኩል ይሁን። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን እጅጌው ውስጥ ያስገባና ወደ ላይ አንስቶ በጭንቅላቱ ላይ ያሳልፈዋል። ጃኬቱ ቦታው ላይ ቁጭ! ብዙ የሦስት ዓመት ልጆችም ይችሉታል። መጀመሪያ የተሳካለት ልጅ ፊቱን እዪው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ደስታ አትጠይቂኝም። ዚፑን ከታች አንቺ አስገቢለት፣ ወደ ላይ እሱ ይሳበው። ከዋናዋ መምህርት ጋር ተስማሙና ከተቻለ ለብሰው የጨረሱት ቀድመው ከአንዳችሁ ጋር ይውጡ፤ ላቡም ንጭንጩም ያን ጊዜ ይቀንሳል።

ተራ ለሚጠብቁት ደግሞ እንቆቅልሽ አለልሽ። ቋንቋው እንግዳ የሆነባቸው ልጆች እንኳ «ምን አውቅልሽ!» ብሎ መጮህን ቶሎ ይለምዱታል። «አራቱ ወንድማማቾች አንድ ቤት፣ አምስተኛው ለብቻው» በያቸው፣ መልሱ እጃቸው ላይ ያለው፣ አራቱ ጣት አንድ ላይ አውራ ጣት ለብቻው የሚገባበት የልጆች ጓንት ነው። በኋላ እነሱ ራሳቸው ይፈጥራሉ፣ መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ሁሉ ይመጣልሻል፣ እሱም ይጣፍጣል።

ውጭ ስትወጡ ጥቁር ጨርቅ ያዢ። ጨርቁን ትንሽ ብርዱ ላይ አቆይተሽ የሚወርደውን በረዶ ተቀበሉበት። ቅንጣቷ ሳትቀልጥ ስድስት ማዕዘኗን ያያሉ። ዊልሰን ቤንትሌይ የሚባል የቬርሞንት ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝቶ የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አንስቷል፣ ከዚያም ዕድሜ ልኩን ሲያነሳ ኖረ። ሥዕሎቹን ለልጆቹ አሳዪያቸው፣ ከዚያ ራሳቸው ይሳሉ። ቁጥር ማስተማሪያ አጣሁ አላልሽም? ስድስትን በዚህ ቁጠሩ።

ብርዱ ከልክ አልፎ የማትወጡበት ቀን በረዶውን በሰፊ ሳፋ አስገቢላቸው። ኩባያ ሙሉ በረዶ መስኮት ሥር አስቀምጡ፣ ሲቀልጥ ታች ትንሽዬ ውሃ ብቻ ይቀራል። «ማን ጠጣው?» የሚል ክርክር ይነሳል፣ አትቸኩዪ፣ ይከራከሩ። ሌላ ቀን ትንንሽ የፕላስቲክ እንስሳት ውሃ ውስጥ አድርገሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪና ጨውና ለብ ያለ ውሃ ስጪያቸው፣ እንስሶቹን ነፃ ያውጡ። በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ለምን እንደሚበተን ያኔ በእጃቸው ያውቁታል።

ማታውም አለ። በዲሴምበር መጨረሻ እናንተ ጋ ፀሐይ የምትጠልቀው በአገሩ ሰዓት አቆጣጠር 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ በኛ 10 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ወላጅ ሳይመጣ ይጨልማል፣ ልጆቹም ሆድ ይብሳቸዋል። አገር ቤት የተረት ሰዓቱ ምሽት አይደል? መብራቱን ቀነስ አድርጊና «ተረት ተረት» በያቸው፣ «የመሠረት» ይበሉሽ። ጦጣና አንበሳ በየትኛውም ቋንቋ ይገባሉ። ለአንቺም ደግ ሰዓት ይሆንልሻል ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ይዘሽው የመጣሽው ችሎታ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

አሁን የባለቤትሽ ነገር። ስለ ክፍያው ያለው ሐቅ ነው፣ በአሜሪካ የሕፃናት መምህራን ደመወዝ ዝቅተኛ ነው፣ የቤት ኪራይም በፍቅር አይከፈልም። ቢሆንም እንዲህ ያለ ውሳኔ ሰው ሁሉ በደከመበት በፌብሩዋሪ አይወሰንም። እስከ ግንቦት ቆዪ። እስከዚያ ሲ.ዲ.ኤ ስለሚባለው የሕፃናት መምህራን ማረጋገጫ አጣሪ። 120 ሰዓት ሥልጠናና 480 ሰዓት ከልጆች ጋር የተሠራ ሥራ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው አሁን በምትሠሪው ሊሟላልሽ ይችላል። ብዙ ቦታ ከረዳትነት ወደ ዋና መምህርነት ለማደግ ያግዛል። ከዚያ ሁለቱን መንገድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ከባለቤትሽ ጋር በቁጥር ተነጋገሩ።

ልጆቹ የፈጠሯቸውን እንቆቅልሾች ደግሞ ላኪልኝ፣ መልስ የሌላቸውንም ጭምር።