በኢንፍሉዌንዛ የተኛ ሰው ሳንባው መቼ ያሰጋል?

ለወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፤

አንዲት ኢንተርን «በኢንፍሉዌንዛ ከተኙት አዋቂዎች የሳንባ ምች የሚያሰጋው የትኛውን ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ወደ 1911 ዓ.ም. ኅዳር ይመልሰናል። ያ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ሲገባ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የዳኑት። በዓለም ዙሪያ አብዛኛውን ሰው የጨረሰው ግን ቫይረሱ ብቻውን አልነበረም፤ ተከትሎት የገባው የባክቴሪያ የሳንባ ምች እንጂ። ቫይረሱ የአየር ቧንቧውን ሽፋን ይልጣል፤ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት ኒሞኮከስና ስታፍ የተባሉ ባክቴሪያዎች በተላጠው በኩል ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። ስለዚህ ትኩሳቱ በርዶለት፣ እህል መቅመስ ጀምሮ፣ ከቀናት በኋላ እንደገና የሚያንቀጠቅጠውን ሰው ፍሩ። የመውጫ ወረቀት የሚጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያች መሃል ባለች ደህና ቀን ነው።

ከሁሉ በፊት ዕድሜን እዩ፤ በተለይ ከ75 በላይ። ሲኦፒዲ (ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ) ያለበት፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ የካንሰር መድኃኒት ላይ ያለ፣ ኤችአይቪው በሕክምና ያልተገታ ሰው ያሰጋል። ስትሮክ መቶት መዋጥ የሚያስቸግረው ደግሞ ምራቁም ምግቡም ወደ ሳንባው ይገባል። አስም ብዙዎችን ያስተኛል፤ ሆኖም የሚያስተኛቸው በአብዛኛው የቧንቧ መጥበብ ነው፤ በአሜሪካ በተኙ ሕሙማን ላይ ሲታይም የሳንባ ምች በእነሱ ላይ ያነሰ ነበር።

አዛውንት ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። ትናንት ልጃቸውን በስም ሲጠሩ የነበሩ እናት ዛሬ ከተምታታባቸው ኤክስሬይ እዘዙ።

የዛሬ ልጆች ሞኒተሩን ታምናላችሁ፤ ትንፋሽ መቁጠር ግን ሰልችቷችኋል። ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። 30 ከደረሰ የደሙ ኦክስጅን 94 በመቶ ቢልም አትዘናጉ።

የኢንፍሉዌንዛው መድኃኒት ኦሴልታሚቪር 75 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመ መጠኑ ይቀነሳል። የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ሳትጠብቁ ጀምሩ። ሕመሙ ከጀመረ 48 ሰዓት አልፏል ብላችሁም ለተኛ ሰው አትከልክሉ። ለኢንፍሉዌንዛው የሳንባ ምች ብላችሁ ስቴሮይድ አትስጡ፤ አስሙ ወይም ሲኦፒዲው ከተነሳበት ግን ስጡ። አክታው ደም ከቀላቀለና በሰዓታት ውስጥ ከከፋ ስታፍን ጠርጥሩ፤ መድኃኒት የተላመደ ከሆነ ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ አይበቃውም፣ ቫንኮማይሲን የተባለው ይጨመር። የደም ካልቸር (ባክቴሪያ ለማሳደግ የሚወሰድ የደም ናሙና) ከመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ ዶዝ በፊት ይወሰድ፤ የናሙናው ጠርሙስ ከጠፋ ግን እሱን ስትፈልጉ መድኃኒቱ አይዘግይ።